የጣና ነፋስ በጠርሙስ ውስጥ

አንድ ባዶ ጠርሙስ በእጃችሁ ያዙ። ምን አለበት? «ምንም የለበትም» ትሉ ይሆናል። ጠርሙሱ ግን እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። የሞላውም አየር ነው። አየር አይታይም። ሽታ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ይሁን እንጂ እንደ ውሃና እንደ ጤፍ ቦታ ይይዛል፤ ክብደትም አለው።

ቦታ መያዙን ከማንም በፊት የሚያውቁት ከጣና ውሃ የሚቀዱ እናቶች ናቸው። ገንቦውን ወይም ጀሪካኑን አፉን ቁልቁል ደፍተው ወደ ውሃው ቢጫኑት አይሞላም። እንዲያውም እጅን ወደ ላይ ይገፋል። ትንሽ ጋደል ሲያደርጉት ግን ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ያ ቡልቅታ አየሩ ሲወጣ ነው። አየሩ ቦታውን ሲለቅ ውሃው ይገባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይቀመጡም።

ክብደቱስ? ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን አስቡ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወርዱ 5 ሜትር በሆነ ክብ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ኩንታል የሚጠጋ አየር አለ። ግማሽ ኩንታል! ይህን ሁሉ አየር ማንም ወደ ወፍጮ ቤት ተሸክሞት አያውቅም እንጂ በየቤታችን አለ።

ታዲያ ይህ አየር ሲሞቅ ምን ይሆናል? ሙከራ እንሥራ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ፣ አንድ ፊኛ፣ ሁለት ሳፋ፣ ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ፊኛ በባሕር ዳር ገበያ ከልጆች መጫወቻ ጋር ይገኛል። ከጠፋም ስስ ፌስታል በጠርሙሱ አንገት ላይ በክር ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ፊኛውን በጠርሙሱ አፍ ላይ አልብሱት። ፊኛው እንደ ደከመ የዶሮ አንገት ወደ ጎን ይወድቃል። አሁን ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ከዚያ በሳፋው ላይ ሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ ጨምሩበት። በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ብታፈሱበት ጠርሙሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በቀጥታ እሳት ላይማ ከቶ አታስቀምጡት።

ጥቂት ጠብቁ። ፊኛው ቀና ይላል። ቀጥሎ ሆዱ ነፋ ይላል። ማንም አልነፋውም። ጠርሙሱን አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስታስገቡት ፊኛው ተመልሶ ይተኛል።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናደርግ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ይሄማ ግልጽ ነው። ጢስ ወደ ላይ አይደል የሚወጣው? የሞቀውም አየር ወደ ላይ ወጥቶ ፊኛውን ነፋው» አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ብዙ የተማረ ሰውም እንዲሁ ይላል። ሐሳብ ግን መፈተን አለበት። «እሺ አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ጠርሙሱን ብናጋድመው ፊኛው መነፋት የለበትም፤ እስኪ እርስዎ ራስዎ ያጋድሙት» አልኳቸው። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ በጎኑ አስተኙት። ፊኛው አሁንም ተነፋ። አፉን ቁልቁል ብናደርገውና ብናሞቀውም ይነፋል። እንግዲህ ፊኛውን የነፋው ወደ ላይ መውጣቱ አይደለም። አየሩ ሲሞቅ በሁሉም በኩል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሰፋል። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጠርሙሱ አይለጠጥም፤ ፊኛው ይለጠጣል። ስለዚህ ወደ ፊኛው ይሄዳል።

አባታችን ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «እህ! ጢሱ ታዲያ ለምን ወደ ላይ ይወጣል?» አሉ። ወደዚያ እንመጣለን።

ፊኛም ሙቅ ውሃም የሌለው ሰው በእጁ ሙቀት ብቻ መሞከር ይችላል። የለስላሳ ጠርሙስ ጧት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ነው። አፉን በውሃ አርሶ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይከድንበታል። ከዚያ ጠርሙሱን በሁለት እጅ እቅፍ አድርጎ ዝም ማለት። ሳንቲሙ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ ይላል። ጭል፣ ጭል የሚል ድምፅ ያሰማል። ልጆች ይህን ሲያዩ ጠርሙሱን አይለቁም። እኔ እንዲያውም ከፊኛው ይልቅ ይህንን እወዳለሁ፤ ወጪ የለውማ።

አየር ስንት ያህል ይሰፋል? አንድ ልክ አለው። በዜሮ ዲግሪ የነበረ አየር ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ከ273 እጅ አንዱን ያህል ይሰፋል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ትጠራቀማለች። ውሃ በባሕር ዳር ሲፈላ ሙቀቱ 94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ብዙ ስለሆነ 100 አይደርስም። በቤት ውስጥ 20 ዲግሪ የነበረ አየር እስከዚያ ድረስ ቢሞቅ፣ አራት ስኒ የነበረው አምስት ስኒ ይሆናል። አንድ ስኒ ሙሉ ትርፍ! አየር ግን አልጨመርንበትም። ያው አየር ነው የሳሳው።

ምክንያቱን እንናገር። አየር ዓይን የማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ክምችት ነው። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ዕረፍት የላቸውም፤ ሁልጊዜ ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ። ሙቀት ሲያገኙ ሩጫቸው ይበረታል። ጠርሙሱንም ፊኛውንም ከበፊቱ አጥብቀው ይመታሉ። ሠርግ ቤት አስቡ። ሰው ቆሞ ሲያይ ጠባብ ዳስ ይበቃዋል። እስክስታው ሲደራ ግን ያው ሰው ዳሱን ይገፋል።

በየደጃችንም ይህ ሙከራ ያለ አስተማሪ ይሠራል። አጥብቃችሁ የከደናችሁት ባዶ ጀሪካን ቀን ፀሐይ ላይ ሲውል ሆዱ ይነፋል። ሌሊት ሲበርደው ጎኑ ይሰረጉዳል። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚበዛባት ከተማ ናት፤ ጎማ ጠጋኞቿም ያውቁታል። ጧት እስኪጠነክር ድረስ የተነፋ ጎማ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቢቆም ሊፈነዳ ይችላል። የእንጀራ ዓይንም ከዚሁ ወገን ነው። ሊጡ ሲቦካ በውስጡ እንደ አየር ያለ ነገር ይፈጠራል፤ ምጣዱ ሲያሞቀው ይሰፋና እንፋሎቱ ታክሎበት ሊጡን በስቶ ይወጣል። ፈንዲሻ ግን ሌላ ነው። እሱን የሚያፈነዳው በፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ጨዋታ አይደለም። ክዳኑ የተዘጋ ቆርቆሮ፣ የሽቶና የዝንብ መድኃኒት መንፊያ፣ የሲጋራ መለኮሻ ወደ እሳት አይጣልም። በውስጡ ያለው ሲሞቅ መሄጃ ያጣል። እንደ ፊኛው የሚለጠጥ ነገር የለውም። ይፈነዳና ስብርባሪው ሰው ይመታል። ቆሻሻ ስታቃጥሉ በመጀመሪያ ቆርቆሮውን ለዩ፤ ልጆችን አርቁ።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። አራት ስኒ አየር አምስት ስኒ ሲሆን ክብደቱ አልጨመረም። እንግዲያው ከሞቀው አየር አንድ ስኒ ብንቀዳ ከቀዝቃዛው አንድ ስኒ ይቀላል። ቀላል ነገር ከከባድ ነገር በላይ ይሆናል፤ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። ከምድጃው ዙሪያ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከሥር እየገባ የሞቀውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጢሱም አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው የጢስ መውጫ ከግድግዳው አናት ላይ የሚከፈተው። ከታችም አየር መግቢያ ያስፈልጋል፤ መግቢያ ከሌለ መውጫው ብቻውን አይሠራም። ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት ግን ይገድላል። የከሰል መርዝ ጢስም ሽታም የለውም።

ጎንደር ገና የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በፈረንሳይ አገር ወረቀት የሚሠሩ ሞንጎልፊየር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ከጨርቅና ከወረቀት ትልቅ ከረጢት ሠሩ። ከሥሩ እሳት አንድደው በሞቀ አየር ሞሉት። በ1776 ዓ.ም. በመስከረም ወር ንጉሡ እያየ አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ በቅርጫት ውስጥ አስገብተው ከከረጢቱ ሥር አንጠለጠሉና ወደ ሰማይ ሰደዷቸው። እንስሳቱ ስምንት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይተው በሕይወት ወረዱ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሁለት ሰዎች በፓሪስ ከተማ ላይ በረሩ። የሚገርመው፣ ወንድማማቾቹ ከረጢቱን የሚያነሣው ጢሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጢሱ እንዲበዛ ብለው እርጥብ ገለባና ሱፍ ያቃጥሉ ነበር። ያነሣው ግን ሙቀቱ ነው።

ወደ ጣና እንውረድ። እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር የዳሩን አሸዋ ስትረግጡ ያቃጥላል። አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ስትገቡ ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይዋ አንድ ናት። ውሃ ግን ለመሞቅ ከአፈር ይልቅ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱም ወደ ጥልቁ ይሠርጋል፤ ማዕበሉም ያማስለዋል። አፈር ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ሌሊት እንደገና ብትሞክሩ አሸዋው በርዶ ውሃው ለብ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ቀን ቀን በየብሱ ላይ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይገፋል። አሞራ ረፋድ ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ሽቅብ የሚወጣው በዚህ አየር ተሸክሞ ነው። የወጣውን ለመተካት በጣና ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወደ ዳር ይመጣል። ይህ ነው ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ነፋሱ በዚያ ሜዳ ላይ የሚያግደው ስለሌለ ማዕበሉን እያሳደገ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የብሱ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱ ተመጣጥነው ውሃው ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ።

ታንኳ ቀዛፊዎች ይህን ያለ ጠርሙስና ያለ ፊኛ ያውቁታል። ለብዙ ዘመን ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጡ የኖሩት ገና ሳይነጋ እየተነሡ ነው። አንድ አዛውንት ቀዛፊ ስለዚህ ሲጠየቁ፣ «ጧት ውሃው እንቅልፍ ላይ ነው። ከሰዓት ሲነቃ ግን ዘመድ አያውቅም» አሉ። ያስቸገረው ወደ ቤት መመለሱ ነው። ገበያው ይሞቃል፣ ጠላ ቤት ጨዋታ ይደራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። በ9 ሰዓት ታንኳ የሚገፋ ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የሚያገኘው። ደንገል ደግሞ የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስላለ ነው፤ ብዙ ቀን ውሃ ሲጠጣ ያ አየር በውሃ ይተካና ታንኳው ይከብዳል። የከበደ ታንኳ፣ የተቃወመ ነፋስ፣ የደከመ ክንድ፤ ሰው የሚጠፋው ሦስቱ ሲገናኙ ነው።

የሚመለስ ሰው ወይ እስከ ረፋድ ድረስ ይጨርስ፣ ወይ ነፋሱ ጋብ እስኪል ይጠብቅ። መሄድ ግድ ከሆነበትም መካከሉን አቋርጦ ሳይሆን ዳር ዳሩን ይቅዘፍ። ደግሞም ሁለት ባዶ ጀሪካኖች አጥብቆ ከድኖ ታንኳው ላይ ይሰር። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ውሃ ላይ 19 ኪሎ ያህል መሸከም ይችላል። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ከውሃው በላይ ለማድረግ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይበቃዋል። ክዳኑ ግን ይጥበቅ! ፀሐይ የመታው ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ አየሩ ይኮማተርና ጎኑ ይሰረጉዳል። ይህ አያስፈራም፤ አሁንም ይንሳፈፋል። ክዳኑ የላላ ከሆነ ግን ውሃ ይስባል።

የጣና ነፋስ በየቀኑ በዚሁ ልክ አይሄድም። ከሩቅ የሚመጣ የወቅት ነፋስ ይደባለቀዋል። ክረምት ላይ ጥቁር ደመና ሲነሣ ደግሞ ሰዓት መቁጠር አይጠቅምም፤ ቶሎ ወደ ዳር መውጣት ነው። ስለዚህ የየመንደራችሁን ነፋስ ራሳችሁ መዝግቡት። ረጅም ሸምበቆ ዳር ላይ ትከሉ፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጨርቅ እሰሩ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጧት በ12 ሰዓት፣ ቀን በ6 ሰዓት፣ ከሰዓት በ9 ሰዓት ጨርቁ ወዴት እንደሚያመለክት እዩ። በደብተራችሁ በአንድ መስመር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ሰኞ፣ 9 ሰዓት። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ። ማዕበሉ ትልቅ።

እስከ ሠላሳ ቀን ድረስ አታቋርጡ። ወር ሲሞላ ደብተሩን ለቀዛፊዎቹ አንብቡላቸው፤ የረሳችሁት ካለ እነሱ ይነግሯችኋል።