ሲቆሙ የሚወርድ፣ ተቀምጠው ብቻ የሚለካ የደም ግፊት

ሰው ከተኛበት ተነሥቶ ሲቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ የሚወርድ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ነርቮች ወዲያውኑ የደም ሥሮችን አጥብበውና የልብን ምት አፍጥነው ግፊቱ እንዳይወርድ ይይዙታል። የስኳር ሕመም ለዓመታት እነዚህን ነርቮች ሲጎዳ ይህ ሥራ ይስተጓጎላል፤ ታካሚው በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር ቢያንስ በ20 ወይም የታችኛው ቢያንስ በ10 ከቀነሰ ችግሩ እንዳለ ይቆጠራል።

ይህንን ለማወቅ አልጋ፣ የግፊት መለኪያና ጥቂት ደቂቃ ይበቃሉ፤ ታካሚው 5 ደቂቃ ተጋድሞ ይለካል፣ ከዚያም ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይደገማል። ሆኖም በብዙ የክትትል ክፍሎች ታካሚው ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ፣ መለኪያው ከሹራቡ በላይ ታስሮ፣ አንድ ቁጥር ተጽፎለት ይሸኛል። ተጋድሞ 160፣ ቆሞ 105 የሚሆን አረጋዊ ወንበር ላይ 150 ስለተገኘበት ብቻ ሌላ የግፊት ኪኒን ይታዘዝለታል፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሣ ዓይኑ ጨልሞ ይወድቃል፣ የዳሌ አጥንቱም ይሰበራል፤ አጥንቱ ሲታከም እንኳ ለምን እንደወደቀ የሚጠይቅ አይገኝም። ሰልፉ ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለስብሰባና ለሪፖርት ሰዓት የማያጣ አስተዳደር ለዚህ 10 ደቂቃ የሚነፍግበት ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

ማዞር ሁሉ «ስኳር ወርዶ ነው» እየተባለ፣ መለኪያ እያለ ሳይለካ፣ ለስላሳ መጠጥ የሚሰጥበት ልማድም ጎጂ ነው፤ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወጣ ውሃ በሽንት እየተጠረገ ስለሚሄድ ግፊቱ ይብስ ይወርዳል።

አያያዙን በተመለከተ፦

1. መድኃኒቶች በሐኪም ይከለሳሉ። ሽንት የሚያበዙ ኪኒኖች፣ አንዳንድ የፕሮስቴት መድኃኒቶች፣ ለእግር ማቃጠል በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ጭምር ግፊትን ያወርዳሉ፤ ታካሚው ግን በራሱ ሥልጣን ሊያቋርጣቸው አይገባም።

2. ከአልጋ በአንዴ ብድግ ማለት ቀርቶ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግርን ማንቀሳቀስ ይቀድማል።

የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ሌሊት በሽንት የሚወጣውን ውሃና ጨው ይቀንሳል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ቶሎ መጠጣትም ግፊቱን ለጊዜው ያነሣል። «ጨው አብዛ» የሚለው ምክር ግን ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። ግፊትን ከፍ የሚያደርጉትን ፍሉድሮኮርቲሶን ወይም ሚዶድሪን የጀመረ ታካሚ ተጋድሞም መለካት አለበት፤ መድኃኒቶቹ ሲተኛ የሚኖረውን ግፊት ከመጠን በላይ ሊያንሩት ስለሚችሉ፣ ሚዶድሪን ለመኝታ ከ4 ሰዓት ያነሰ ሲቀር አይዋጥም።