የሕንፃ ዕቃ ወደ ገበያ ስለሚመለስበት መንገድ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ቤት ሲፈርስ በርና መስኮቱ፣ ቆርቆሮውና ብረቱ ገዢ ያገኛሉ፤ ግድግዳውና ወለሉ ግን ፍርስራሽ ተብለው በጭነት መኪና ይጣላሉ። አንዱ ዋጋ ሲያወጣ ሌላው የመጣያ ኪራይ የሚያስከፍልበት ዋናው ምክንያት አገጣጠሙ ነው። በርና መስኮት በማጠፊያና በብሎን ስለ ተያያዙ ሳይሰበሩ ይነቀላሉ፤ በሲሚንቶ የተጣበቀው ግን ካልተሰበረ አይለይም።

ዕቃ ከአንድ ሕንፃ ወጥቶ ለሌላ እንዲያገለግል የሚደረግበት አሠራር ዑደታዊ ኢኮኖሚ ይባላል። ይህም የሚሳካው መሐንዲሱ ፕላኑን ሲነድፍ ስለ መፍረሱም አስቦ እንደ ሆነ ነው።

በዴንማርክ የታየው ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። የቀድሞዎቹ ጡቦች በኖራ የተያያዙ ስለ ነበሩ፣ ኖራው ተፍቆ እንደ ገና ይሸጣሉ። በኋላ በሲሚንቶ የተያያዙት ግን፣ ማያያዣው ከጡቡ ይልቅ የጠነከረ ስለ ሆነ፣ አንድ በአንድ ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህም በ2019 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ለተፈጸመው «ሪሶርስ ሮውስ» ለተባለው የመኖሪያ ሕንፃ፣ ከካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ አሮጌ ግድግዳ ጭምር ጡቡ እንደ ተያያዘ በገበታ በገበታ እየተቈረጠ ተወስዶ ተገጥሟል።

በሆላንድ ደግሞ ነገሩ አስቀድሞ ታስቦበታል። ትሪዮዶስ ባንክ በዚያው ዓመት በድሪበርገን ያሠራው መሥሪያ ቤት አብዛኛው ክፍሉ እንጨት ሲሆን፣ የተያያዘው በ165,312 ብሎኖች ነው። የየዕቃው ዐይነትና መጠን በመዝገብ ስለ ተጻፈ፣ ሕንፃው ለወደፊት እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቈጠራል።

ነገሩ ከነዳጅም ጋር የተያያዘ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው ድንጋዩ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው። የተሰበረው ኮንክሪት ተፈጭቶ ለመንገድ መሠረት ቢውልም፣ የተቃጠለው ነዳጅ አይመለስም። ብረትም ቢሆን እንዳለ ተነቅሎ ከተሸጠ፣ ለማቅለጥ የሚወጣው ወጪ ይድናል።

በአዲስ አበባ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሠራተኞች ከአሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ እያወጡ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ዕውቀቱ እንግዳ አይደለም፤ የሚጐድለው ከመነሻው ማሰብ ነው። እርግጥ በጥንቃቄ መንቀል ከማፍረስ ይልቅ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ማከማቻ ቦታም ኪራይ አለው፤ ሸክም የሚችለው ብረትም ከመሸጡ በፊት መመርመር ይገባዋል። ይህ ወጪ ሳይታሰብ ትርፍን ብቻ መቍጠር ነጋዴን ይጐዳል።

ስለዚህ የሕንፃ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ትእዛዙን ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፦ ዕቃው የሚያያዘው በብሎን ነውን ወይስ በሙጫ? ልኩ በገበያ የተለመደ ነውን? ከምን እንደ ተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ይኖረዋልን? ሦስቱ ከተሟሉ፣ ዛሬ በውጭ ምንዛሪ የገባው ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ ሌላ ምንዛሪ አይጠይቅም።