መዋጮው ይጨምር ወይስ መድኃኒቱ ይጉደል?

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ ቀበሌዎች ሕዝብ ከሚሰበሰብባቸው ጉዳዮች አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። የመዋጮ ጭማሪ ሲነሳ «ኑሮው ከብዷል፤ ባለበት ይቆይ» የሚል ድምፅ ቢበዛ አያስገርምም። እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን መዋጮው ባለበት ሲቆይ የሚጎድለው ምን እንደሆነ ቢያውቁ ይጠቅምዎታል።

መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዷ ነበረች። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድርተኛ ሐዘን እስኪደርስበት ጠብቆ አያዋጣም፤ በደህናው ቀን አዋጥቶ በክፉ ቀን ይደርስለታል። መድኅንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚደርሰው ከሞት በፊት መሆኑ ነው።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት፣ ማለትም ከግብር ነው። የአባላቱን የመድኃኒትና የምርመራ ሂሳብ ደግሞ መድኅኑ ይሸፍናል። የመድኃኒት ዋጋ ጨምሮ መዋጮው ካልተከለሰ መድኅኑ ለጤና ጣቢያው መክፈል ያቅተዋል፤ ጤና ጣቢያውም መድኃኒት መተካት ይሳነዋል። ያን ጊዜ ባለመታወቂያው «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ይባላል። በስብሰባ ላይ አልከፍልም ያሉትን ገንዘብ በሕመም ቀን፣ ለብቻዎ፣ ያውም በግል መድኃኒት ቤት ዋጋ ይከፍሉታል ማለት ነው።

በሕክምና ክፍል ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ሕመም ላይሰማው ይችላል፤ ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ስትሮክም ያስከትላል። ገንዘብ እስኪገኝ ቤት የሚቆይ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በጥቂት ቀናት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ስል ጭማሪ ሁሉ ይጽደቅ ማለቴ አይደለም። መዋጮው ጨምሮ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ጤነኛው አባል ይወጣል፤ ታማሚው ብቻ ሲቀር መድኅኑ ይወድቃል። ሸክሙም የገበሬው ብቻ መሆን የለበትም። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከመንግሥት በጀት ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል።

ስለዚህ ከድምፅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

• ባለፈው ዓመት ምን ያህል ተሰበሰበ? ምን ያህሉስ ለሕክምና ወጣ?
• ከጤና ጣቢያው የጠፉት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? ጭማሪው መቼ ያስገባቸዋል?
• መክፈል የማይችሉ ድሆች ተለይተዋል? የእነርሱን መዋጮ መሸፈን ያለባቸው ክልሉና ወረዳው ናቸው።

ውሳኔው ምንም ይሁን ምን መታወቂያዎን በጊዜ ያሳድሱ። ሕክምናዎን ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንልዎ ይችላል። የወሊድ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጡ በመሆናቸው መታወቂያ የለኝም ብለው አይቅሩ። የጀመሩትን የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትም ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።