ነጥብ ቢጣልም ሐይቅ አለ

ደሴ ድረስ ሄዶ ጨዋታ ያየ ደጋፊ የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ወደ መጣበት ለመመለስ መኪና ፍለጋ ይሮጣል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ቢጓዝ ግን ሐይቅ ከተማን ያገኛል። እስከ 88 ሜትር የሚጠልቀው ውሃ ዳር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ሴቶች ግን አይገቡበትም። በጉልበቱ የሚተማመን ደግሞ የአምባሰል ተራራ ይጠብቀዋል፤ አዎ፣ የቅኝቱ ስም ያው ነው!

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህም ደርሶ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ጀልባ ቀዛፊውም ዓሣ ጠባሹም ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰላሙ ሲጸና ታዲያ ደጋፊው ለጉዞው አንድ ቀን ይጨምርበት። ቡድኑ ነጥብ ቢጥል እንኳ ሐይቅ ባዶ እጁን አይሸኘውም።