«በሕግ ይወሰናል» የተባለለት መብት

ከሸዋ ሮቢት ወደ ማጀቴ በሚሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠችውን ወጣት ተሳፋሪው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት የልጃቸውን የክትባት ካርድ አቀብለው ቀጠሮውን አስነበቧት። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ የእጁን ቁስል አሳያት። ሁሉንም ሸኝታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ጽሑፍ ነው አልኳት።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ይችን ይንገሩኝ። የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥበቃ ነው። ማኅበር አለው፤ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ቁጭ ብሎ ይደራደርለታል። እኔ ዲግሪ ይዤ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት በስልክ ባትሪ ሴት አዋልዳለሁ። የኔ ማኅበር የታለ?»

የሙያ ማኅበራት ስም ደረደርኩላት። «እነሱማ ለዓመታዊ ጉባኤ ይጠሩናል» ብላ ሳቀች። ማጀቴ ደርሰን ተለያየን። ጥያቄዋ ግን አልተለየኝም፤ እኔም በልጅነቴ ሐኪምም አስተማሪም «የመንግሥት ሰው» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ የመንግሥት ሰው ከመንግሥት ጋር እንዴት ይደራደራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ፤ ግማሹ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ የእርሻ ሠራተኛው መደራጀት፣ በጋራ መደራደር፣ ሥራ እስከ ማቆም መሄድ እንደሚችል ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኛውንም ጨምሮታል፤ የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለትንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለውን። ወረድ ብሎ ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ይህን መብት የሚያገኙት እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ 377/1996፣ ከዚያም 1156/2011። 10 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ማኅበር ይቋቋምበታል። ሥራ ለማቆም ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በድምፅ ብልጫ መወሰን፣ ከ10 ቀን በፊት ማስታወቅ፣ ሌላም ሌላም ያስፈልጋል። ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም መንገድ ነው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛው ግን ከነአካቴው የአዋጁ ሰው አይደለም። የእሱ ሕግ ሌላ ነው፤ 515/1999ም፣ እሱን የተካው 1064/2010ም ስለ ቅጥር፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ዲሲፕሊን ብዙ ብለው ነበር። ስለ ማኅበር ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። የኮምቦልቻው ጥበቃና የቆላዋ አዋላጅ በአንድ የደሴ መንገድ ላይ ቆመው በሁለት ሕግ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

«ሐኪም ሥራ ያቁም እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት እንኳ ሆስፒታልን ሥራ ማቆም ሊከለከልባቸው ከሚችሉ አገልግሎቶች ይቆጥረዋል። ከክልከላው ጋር ግን አንድ ግዴታ ያያይዛል፦ አድማ የተከለከለ ሠራተኛ ቅሬታውን በፍጥነት የሚያይለት፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው፣ ገለልተኛ ዳኝነት ሊኖረው ይገባል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የጋራ ድርድርን የሚመለከቱትን ሁለቱን የድርጅቱን ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ ያጸደቀችው በ1955 ነው። ድርጅቱ ስለ መንግሥት ሠራተኛው መብት ሲጠይቅ ኖሯል፤ መንግሥትም ሕጉ እየተዘጋጀ ነው እያለ ሲመልስ ኖሯል።

እኔም ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነሱት ኃላፊ ድምፃቸው ጨዋ ነው። ጥያቄዬን አስጨርሰው «ይሄ የፖሊሲ ጉዳይ ነው» አሉ። የማን ፖሊሲ ስላቸው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገሩኝ። በጽሑፍ እንድልክ መከሩኝ፤ ላክሁ። ስብሰባው እስካሁን የተነሣ አይመስለኝም።

ነገሩ በ1987 የጀመረም አይደለም። ማኅበር ባልተፈቀደበት ዘመን የድሬዳዋ ምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ሠራተኞች በመረዳጃ ስም ይሰባሰቡ ነበር፤ ለቅሶና ሕመም መረዳዳቱ ላይ ስለ ደመወዝም ይወራል። የሠራተኛ ማኅበርን የፈቀደው የመጀመሪያው ሕግ ወጥቶ በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አብርሃም መኰንን ከወንጂ የመጡ ናቸው። እዚያም ሕግ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛው የለም። በጃንሆይ ዘመን ቀረ፣ በደርግም ቀረ፣ በኢሕአዴግ «በሕግ ይወሰናል» ተባለለት።

በ1966 ግን ሕጉን የጠበቀ አልነበረም። ማጀቴ ውስጥ ያኔ በአካባቢው ትምህርት ቤት ወጣት አስተማሪ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አግኝቼ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራን በመላ አገሪቱ ሥራ አቆሙ። አዲስ አበባ ላይ ታክሲዎችም በዚያው ቀን ቆሙ፤ ነዳጅ ጨምሮ ታሪፍ አልጨመረምና። የመምህራኑ ቅሬታ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት የድሃውን ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በላይ አያሳልፍም ብለው ተነሥተውበታል።

«እኔ እንኳ የሰማሁት በሬዲዮ አይደለም» አሉኝ ጡረተኛው፤ «ከሮቢት የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው የነገረኝ። ዳይሬክተራችን የመገኛ መዝገብ ይዞ በር ላይ ቆመ። ማን ይፈርም! ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸው ወደ ማሽላ ጥበቃቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ባላገር፣ አራት ልጅ የሚያስተምር፣ ጤፍ በአህያ ጭኖ መጣ። ‹ደመወዛችሁ ቢቆረጥ አትራቡ፤ ልጆቼን ግን እስከ መጨረሻው አስተምሩልኝ› አለን። ሴክተር ሪቪውን ከኛ የበለጠ ገብቶት ነበር።»

ያ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። የወሎ ረሃብተኛ በዚሁ የደሴ መንገድ ወደ ሸዋ ሲወርድ የሮቢትና የአጣዬ ሰው አይቷል። በአድማው ግፊት መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ የትምህርት ጥናቱንም አቆየው። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ፤ እንዳልካቸው መኰንን መጡ። የካቲት 28 ቀን በበየነ ሰሎሞን ይመራ የነበረው የአንድነት ማኅበር የአገሪቱን የመጀመሪያ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ወደ 100,000 ሠራተኛ ወጣ፣ ባቡር ቆመ፣ ፋብሪካ ተዘጋ። በአራት ቀን ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ያልተፈቀደለት የመንግሥት ሠራተኛ በየተራ ተነሣ፦ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የቴሌው፣ የአቪየሽኑ። የአዲስ አበባ ካህናት እንኳ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ነበር። ይህን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ደስታው ግን አልቆየም። አድማው ያናወጠው ዙፋን ላይ ወታደር ወጣ። በመስከረም 1968 ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሠራተኛ ማኅበሩን ወረቀት ሲበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። መስከረም 19 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአንድነት ማኅበሩም ፈረሰ። ቀጥሎ የመጣው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) የደርግ ማኅበር ሆነ። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ከደርግ በኋላ ተቋቋመ፤ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛው በውስጡ የለም።

ለመደራጀት በሕግ ቅርብ የነበረው መምህሩ ነው፤ ማኅበሩ ከ1941 ጀምሮ አለና። እሱም ምን እንደደረሰበት አንባቢ ያውቃል። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሰሩ፤ 15 ዓመት ተፈርዶባቸው በ1994 ተለቀቁ። ከአመራሮቹ አንዱ አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በማኅበሩ ስም ሁለት ወገን ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ በ2000 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሙን ለመንግሥት ቅርብ ለሚባለው ወገን ሰጠ። ሌላው በአዲስ ስም ልመዝገብ ቢል ተከለከለ። የዓለም መምህራን ኅብረት ጉዳዩን ይዞ ጄኔቫ ድረስ ሄዷል፤ በዓለም የሥራ ድርጅት መዝገብ ቁጥሩ 2516 ነው። የባሕር ማዶ አጋር ማኅበር የሌለው ሠራተኛ ይህን እንኳ አያገኝም። በነሐሴ 2010 ሥራ ያቆሙትን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችም እናስታውስ፤ በእነሱ ቦታ ጡረተኞች ተጠሩ፣ ዘጠኙ ታሰሩ።

ወደ ሲስተር ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 መጀመሪያ የደመወዝ ማሻሻያ መጣ፤ ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፣ በዲግሪ የሚቀጠር 6,940 ደረሰው።

«ደስ አለን መጀመሪያ» አለችኝ። «ከዛ ሮቢት ወርጄ ዘይት ገዛሁ፣ ለእናቴ መድኃኒት ገዛሁ፣ ለልጄ ጫማ ገዛሁ። የቤት ኪራይ ሳልከፍል ብሩ አለቀ። ዲዩቲ አድሬ የተከፈለኝን አይጠይቁኝ። ብታመም እኔ በምሠራበት ቤት ካርድ የማወጣው ከፍዬ ነው። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሆና ‹ሲስተርዬ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር› ስትለኝ፣ እኔን ምን እንደሚውጠኝ ለማን ልንገር?»

በዚያ ዓመት የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄ ጻፉ፦ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ላይ አደጋ ክፍያ፣ ሕክምና፣ ሌላም። ግንቦት 5 ቀን በከፊል፣ ግንቦት 11 ቀን ደግሞ በሙሉ ሥራ ማቆም ጀመሩ። ዘመቻው የደራው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ ወረቀት ይዞ ፎቶ መነሣት። መንግሥት አድማው ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ሕገ ወጥ ያልሆነ አድማ ለነርስ እንዴት እንደሚደረግ ግን የተናገረ አልነበረም። ፖሊስ 47 የጤና ባለሙያዎችን ማሰሩን አስታወቀ። የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት አቶ ዮናታን ዳኘውም ታሰሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እስሩን አወገዘ።

እነሲስተር በሚሠሩበት ቆላ አድማው ዝግ ያለ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ለብዙ ሰው ጤና ጣቢያ የመጨረሻው በር ነው። እነሲስተር ማዋለጃውንና ድንገተኛውን ትተው ቀሪውን ዘጉ።

«እንዴት እንደወሰናችሁ ንገሪኝ» አልኳት በሌላ ቀን በስልክ።

«በስብሰባ አይደለም፤ ስብሰባ ማን ይፈቅድልናል? የሠራተኛ እድር አለን፤ አንድ ሰው ሲሞትበት ብር የምናዋጣበት። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነው የተነጋገርነው። ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ካርድ ክፍሏ ሳትቀር። ጽዳት የምትሠራው እትዬ ‹እኔ ኮንትራት ነኝ፤ ካባረሩኝ አልመለስም። ግን በናንተ ፈንታ ሰው ካመጡ በሩን አልከፍትም› አለችን። ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን አለቀስኩ። እኛ 12 ጥያቄ ጽፈን እሷን አንዱም ላይ አልጻፍናትም ነበር።»

ሌላ ከተማ አብሯት የተማረ ልጅ ሲታሰር ከዚሁ እድር ብር ተነሣለት። «ስንቅ ለሚያቀብለው ለወንድሙ ላክን» አለችኝ። «ገንዘብ ያዡ መዝገቡ ላይ ‹ለታመመ› ብሎ ጻፈው። ምን ይበል?»

የወንጂና የድሬዳዋ ሰዎች ከሰባ ዓመት በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ስለ ወንጂ ሰምታ አታውቅም። የእድሩ መዝገብ መታየት ከጀመረ እነሱም «ሕገ ወጥ ስብስብ» ሊባሉ ይችላሉ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ያለአግባብ ሥራ የሚያቆም የመንግሥት ሠራተኛን የሚቀጣ አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩ 421 ነው። እንግዲህ ቅጣቱ ተጽፏል፤ አንቀጽ 42 የቀጠረው ሕግ ግን ቀጠሮው ላይ አልተገኘም። ሁለቱንም የማውጣት ሥልጣን ያለው አንድ ምክር ቤት ስለሆነ መዘግየቱን በጊዜ ማጣት ብቻ ማስረዳት ይከብደኛል። ሕግ የሌለበት ቦታ ለአሠሪው ይመቻል፤ አሠሪው ደግሞ ራሱ መንግሥት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 2017 አዲስ የደመወዝ ስኬል ታወጀ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ የዲግሪ ተቀጣሪ መነሻ 11,500 ብር ሆነ። የተጨመረው ለመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ እንጂ ለጤና ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ከአድማው ጋር አላያያዘውም። እነሲስተር ግን ያያይዙታል። ዲዩቲው፣ ነፃ ሕክምናው፣ የትራንስፖርቱ ጥያቄ ስኬሉ ውስጥ አልገባም። የቆሙበት ቀን ደመወዝ ተቆርጧል። ከሠራተኛው ሁለቱ ለቅቀው አንዱ በጅቡቲ በኩል ወጥቷል ይባላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ኮንትራት ታድሶላታል። በመጨረሻ ስንነጋገር ሲስተር የዝውውር ማመልከቻ ጽፋ ነበር፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሕፃናት ክትባት ክፍል፣ ሌሊት ወደሌለበት።