የእንግሊዝ አተርና የእኛ ጾም

ከመካከላችን ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ሲገኝ የምንሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወፍራም ካፖርት ግዛ እንለዋለን። ስለ ምግቡ የሚነግረው ግን የለም። ከሄዱት ጓደኞቻችን አንዱ በዐቢይ ጾም ሊድስ ከተማ ሳለ ርቦት ወደ ዓሣ ጠባሾች ሱቅ ገባ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን፤ እርሱ አይበላም።) ድንች ጥብስና አተር ብቻ ገዛ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲጾም ከሰነበተ በኋላ ድንቹ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ መሆኑን ሰማ። በዮርክሻየር ብዙዎቹ ጠባሾች ከዘይት ይልቅ ሞራ ይመርጣሉ፤ ያለሞራ አይጣፍጥም ባዮች ናቸው። ወዳጃችን ያዘነው በሞራው ብቻ ሳይሆን ባለመጠየቁ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ለሚቀጥለው ተጓዥ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከድንቹ ጎን የሚቀርበው አተር መሺ ፒስ ይባላል፤ የላመ አተር እንደ ማለት ነው። የሚሠራው ማሮውፋት ከሚባል፣ ፍሬው ትልልቅ ከሆነና ማሳው ላይ እስኪደርቅ ከሚቆይ አተር ነው። ሌሊቱን ሶዳ ባለበት ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ሶዳው የአተሩን አካል አያይዞ የሚይዘውን ነገር ስለሚያላላው፣ በማግሥቱ በለዘብተኛ እሳት ሲበስል ሳይፈጭ በራሱ ይፈርሳል። ሽንኩርትም እርድም ያልነካው የክክ አልጫ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ጨውና አቼቶ ካልረዱት ብቻውን የሚወራለት ጣዕም የለውም፤ በኖቲንግሃም ግን ናና በአቼቶና በስኳር አዋሕደው ያፈሱበታል፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ከቆርቆሮ የሚወጣው በጣም አረንጓዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማቅለሚያ የገባበት ነው።

ሁለተኛው ዐይነት እሸት አተር ነው። አተር ገና ለጋ ሳለ ስኳር አለው፤ እየበሰለ ሲሄድ ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጣል። ጣፋጩን እሸት ለማግኘት ቀድሞ ወቅቱን መጠበቅ ግድ ነበር። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ በፍጥነት የማቀዝቀዝን ዘዴ አግኝቶ ምግቡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ግን እሸት በክረምትም ይገኛል። እሸት አተር ለጾመኛ አያሰጋም፤ ቅቤ ካልጣሉበት። የሚያሰጋው አበላሉ ነው። በማዕድ ሥርዓት ሹካው ተገልብጦ ይያዝና አተሩ በቢላዋ እየተገፋ ጀርባው ላይ ይወጣል። በእንጀራ የለመደ እጅ ይህን ሲሞክር ግማሹ አተር ወደ ጎረቤት ሳሕን ይሸሻል።

ሦስተኛው ፒዝ ፑዲንግ ይባላል፤ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ፣ በኒውካስል አካባቢ የሚወደድ ነው። የቢጫ አተር ክክ ተቀቅሎ ይላቆጥና በዳቦ ይበላል። መልኩ ከእናታችን ድስት የወጣ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በልማድ የሚቀቀለው በአሳማ ሥጋ መረቅ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ይጠንቀቅ።

ላንካሻየር ደግሞ ጥቁር አተር የሚሉት አለ፤ መልኩ በእውነት ቡናማ ነው። ተቀቅሎ አቼቶ ይፈስበታል፤ በኅዳር 5 ቀን እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ደመራ በሚያነዱበት ሌሊት፣ ትኩሱን ይበሉታል። ንፍሮ ነው፤ ሌላ ስም አያሻውም። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ካርሊን የሚባለውን ተመሳሳይ አተር በዐቢይ ጾማቸው በአምስተኛው እሑድ የመብላት የቆየ ልማድ አለ። የጾም ምግብ አተር መሆኑን እነርሱም ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ነገር ግን ከቀቀሉ በኋላ በቅቤ ያገላብጡታል!

እንግዲህ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በምን ተጠበሰ? በምን ተቀቀለ? መጠየቅ የሚያሳፍረው ግን ደረቁን ማሮውፋት በፓኬት ገዝቶ ራሱ ይቀቅል፤ ወዳጃችንም ጾሙን የፈጸመው ከቤት በተላከለት በርበሬ እንዲህ እየሠራ ነው። ከአንዳንዱ ፓኬት የምትገኘው ነጭ ክኒን መድኃኒት አይደለችም፤ ሶዳ ናት። በመዘፍዘፊያው ውሃ ትጨመር፤ ውሃውም በማግሥቱ ይደፋ።