የሚፈራውና የሚገድለው

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ በተዘረጋው የጓሳ ምድር ዙሪያ የሚኖር በግ አርቢ ዐይኑን የሚተክለው ከዱር በሚመጣው አውሬ ላይ ነው፤ ከእግሩ ሥር የሚተኛውን የቤት ውሻ ግን የአደጋ ምንጭ አድርጎ እምብዛም አያስበውም። ይህ ዐይነቱ የስጋት አመዳደብ የመንዝ ሰው ብቻ ጠባይ አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሰው የአንድን ነገር የመከሰት ዕድል የሚገምተው ነገሩ ምን ያህል በቀላሉ ወደ ሐሳቡ እንደሚመጣለት እያየ ነው። ብዙ የሚወራ፣ ዐይን የሚስብና የሚያስደነግጥ ነገር ቶሎ ትዝ ስለሚል ከልኩ በላይ ይገመታል፤ ዝም ብሎ የሚገድለው ደግሞ ከልኩ በታች ይወርዳል። በአሜሪካ በተደረገ ተመሳሳይ ምርምር ተጠያቂዎቹ በአስም ከሚሞተው ይልቅ በዐውሎ ነፋስ የሚሞተው ይበዛል ብለው ገምተው ነበር፤ እውነቱ ግን በአስም የሚሞቱት 20 እጥፍ ያህል ይበልጡ ነበር።

በጓሳ የዚህ ግምት ሰለባ ከሆኑት አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ምግባቸው ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። በጓሳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳኩለት ታውቋል። ጭላዶቹም ግልገሎቻቸውን ይዘው በአጠገቡ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲመጣ ግን ወደ ገደል ይሸሻሉ። በዚህ ረገድ ጭላዳው ከእረኛው የተሻለ ገማች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና እረኛውን በከንቱ ፈሪነት መክሰስ አይገባም። በዚያው ምድር ከቀይ ቀበሮ ጋር የሚኖረው ተኩላ በግ ይወስዳል፤ በጭጋግና በርቀት ሁለቱን መለየትም ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የስጋት ክብደት የሚለካው በመከሰቱ ዕድል ብቻ ሳይሆን በሚያስከትለውም ጉዳት ነውና፣ ጥቂት በጎች ብቻ ላሉት ቤተሰብ አንዲት በግ ማጣት ከባድ ነው። የግምቱ ስሕተት ያለው በጉን በመጠበቁ ላይ ሳይሆን ውሻውን በመዘንጋቱ ላይ ነው።

በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከእነዚህም 99 በመቶ ለሚሆኑት በሽታው የሚደርሳቸው ከውሻ ነው። ቀይ ቀበሮዎችንም በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የፈጀው ይኸው ከውሾች የተላለፈ በሽታ ነው። ይህን ያህል ገዳይ የሆነ ነገር የማይፈራው ለምንድን ነው ቢባል፣ አንዱ ምክንያት በንክሻውና በሕመሙ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚመጣው ሞት ከንክሻው ጋር ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ስውር ነው። የስሌት ሰዎች መነሻ መጠን የሚሉት ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ጉዳይ ምንም ሕክምና ባይደረግ እንኳ ከብዙዎቹ ስንቱ በራሱ ይድን እንደነበር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ሰዎች በውሻ ተነክሰው በእርግጥ ያበዱት ውሾች የነከሷቸው 10 ብቻ ናቸው ቢባል፣ ሁሉም ወደ አንድ የባህል ሐኪም ቢሄዱና የተሰጣቸው መድኃኒት ተራ ውኃ ቢሆን፣ ቢያንስ 90ዎቹ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። እነዚህ 90ዎቹ በገበያና በማኅበር መድኃኒቱ እንዳዳናቸው በሙሉ ልብ ይመሰክራሉ፤ ከቀሩት መካከል የሞተው ግን ምስክር ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ የባህል ሐኪሙ ዝና ከማታለል ሳይሆን ካልተቆጠረው መነሻ መጠን ይወለዳል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሩቅ ሲሆን ምርጫው ይበልጥ ምክንያታዊ ይመስላል። ለተነከሰው ሰው በእርግጥ የሚጠቅመው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ነው።

የኩበትና የእንጨት ጢስም ሳይፈሩት ከሚገድለው ወገን ነው፤ በብርዳማው የመንዝ ቤት ውስጥ እሳቱ ወዳጅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል።

የሚያስገርመው ግን በቀስታ የሚመጣን አደጋ በማስላት ረገድ የጓሳ ሰው ታላቅ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፣ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ከልሎ በማቆየት በድርቅ ወቅት ለከብት እንዲደርስ ያደርግ ነበር፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስም ጸንቶ ቆይቷል። ይህ ሥርዓት የእያንዳንዱን አርቢ ግምት አልጠበቀም፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ድርቅ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ ጥንቃቄው ለትዝታ ሳይተው በጋራ ደንብ ተያዘ። የውሻ ክትባትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን ለመግታት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ ይህም መጠን እያንዳንዱ ባለ ውሻ የራሱን ስጋት መዝኖ በሚወስነው ውሳኔ የሚደረስበት አይመስልም።